ሦስቱ ትራሶች

ሁለተኛውን ኦፕራሲዮን ለሰው አላወራሁም ነበር። የሚያውቁት ባለቤቴና እማዬ ብቻ ናቸው። ለሥራ ቦታዬ «የጨጓራ ሕክምና አለብኝ» ብዬ ፈቃድ ወሰድኩ። ውሸት አይደለም፤ ግን ሙሉውን አልተናገርኩም።

የመጀመሪያውን ያልሰማ አልነበረም። በ2016 ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር። ያኔ 118 ኪሎ ነበርኩ። ስኳሬ ከፍ ብሏል፣ ጉልበቴ ደረጃ አላስወጣ ብሎኛል። ጨጓራ የሚያሳንሰውን፣ ስሊቭ የሚባለውን ኦፕራሲዮን ተሠራሁና በሁለት ዓመት 79 ኪሎ ገባሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሚያውቀኝ ሐበሻ ሁሉ «ምን አድርገሽ ነው?» ይለኝ ነበር። አልደብቅም፣ እነግራለሁ። የዶክተሩን ስልክ የወሰዱብኝ ብዙ ናቸው።

ከዚያ ተመልሶ መጣ። ባንዴ አይደለም። በዓመት አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ እያለ በ2023 መጨረሻ 101 ደረስኩ። አሁን የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንዲት እናት እጄን ይዘው «ተስማማሽ ልጄ» አሉኝ። አገር ቤት ቢሆን ምርቃት ነው። እሳቸውም በፍቅር ነው ያሉት። እኔ ግን መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ወደ ሁለተኛው ኦፕራሲዮን የወሰደኝ ግን ኪሎው አይደለም። ቃሩ ነው። ቃር ሲባል ሰው በርበሬ የበዛበት ወጥ የበላ ቀን የሚሰማውን ያስባል። የኔ እንደዚያ አልነበረም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታፍኜ እነቃለሁ። ጎምዛዛ ውሃ ጉሮሮዬ ድረስ ወጥቶ ትንታ ይሆንብኛል። ባለቤቴ ብድግ ብሎ ጀርባዬን ይመታል። አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ጠዋትም ማታም እወስዳለሁ፤ ሌሊቱ ግን ያው ነው። ሦስት ትራስ ደራርቤ፣ ደገፍ ብዬ፣ እንደተቀመጥኩ ነበር የማድረው። አራት ዓመት ሙሉ። ልጄ «ማሚ፣ ለምንድን ነው ቁጭ ብለሽ የምትተኚው?» ብላ ጠይቃኝ የምመልሰው አጣሁ።

ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ስሊቭ ሲሠራ ከጨጓራ ሰማንያ በመቶ ገደማው ተቆርጦ ይወጣል። የሚቀረው ሙዝ የሚመስል ቀጭን ቱቦ ነው። ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከሚወጣው ክፍል ስለሆነ፣ መጀመሪያ ላይ ረሃብ ጥፍት ይላል። ግን ጠባብ ቱቦ ውስጡ ግፊት አለው። ያ ግፊት አሲዱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሁሉም ሰው ላይ አይደርስም። ቢሆንም ከስሊቭ በኋላ ቃር የሚጀምራቸው ወይም የሚብስባቸው ብዙ ናቸው።

መጀመሪያ የሠራኝ ክሊኒክ ክትትሉን ከአንድ ዓመት በኋላ ተወው። እነሱ አልደወሉም፣ እኔም አልሄድኩም። ኪሎው መመለስ ሲጀምር ደግሞ ጭራሽ አፈርኩ። ሐኪም ፊት መቅረብ የነበረብኝ ያኔ ነበር፤ የጠፋሁትም ያኔ ነው። እንደኔ ጠፍታ ያለች ካለች እባክሽ ተመለሺ። የሚቆጣሽ የለም።

አዲሱ ሰርጀን መጀመሪያ ኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባ ካሜራ የሚደረገውን ምርመራ፣ አዘዘ። የምግብ ቧንቧዬ የታችኛው ክፍል ቆስሏል። የጨጓራዬም አናት ደረትንና ሆድን በሚለየው ጡንቻ፣ በድያፍራም፣ ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ደረቴ ገብቷል። ኪሎ የሚቀንሱት መርፌዎች፣ ኦዜምፒክና ዌጎቪ፣ በየቤቱ የሚወራባቸው ጊዜ ስለነበር «መርፌውን ለምን አልሞክርም?» አልኩት። ለኪሎው ሊረዳሽ ይችላል፣ ለቃሩ ግን መፍትሔ አይሆንም አለኝ። መርፌው ጨጓራ ቶሎ እንዳይጸዳ ስለሚያደርግ እንዲያውም ሊያብሰው ይችላል።

የሱ ሐሳብ ስሊቩን ወደ ባይፓስ መቀየር ነበር። ከጨጓራው አናት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ትለያለች። ትንሹ አንጀት ተቆርጦ ከሷ ጋር ይሰፋል። የቀረው ጨጓራ እዚያው ሆድ ውስጥ ይቀመጣል፤ ምግብ ግን አያልፍበትም፣ አሲዱም ወደ ታች ወርዶ አንጀት ላይ ይቀላቀላል እንጂ ወደ ጉሮሮ አይመጣም። ቤት ገብቼ 30 ሚሊ ሊትር ውሃ በሲኒ ለካሁ። ግማሽ እንኳ አልሞላም። ሲኒዋን ይዤ ብዙ ቆምኩ።

አደጋውን አልደበቀኝም። ሁለተኛ ሲከፈት ውስጡ ጠባሳ አለ፣ አንዱ ካንዱ ተጣብቋል፣ ስፌቱ የማፍሰስ ዕድሉም ከመጀመሪያው ከፍ ይላል። ኪሎም እንደ መጀመሪያው አይወርድም። ከዚያ «ከዚህ ኦፕራሲዮን የምትፈልጊው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ተኝቼ ማደር» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም አዲስ ሆነብኝ።

ሦስት ወር አሰብኩበት። ልጄን ትቼ ብሞትስ የሚለው ሐሳብ ሌት ተቀን አልለቀቀኝም። ኢንሹራንሱ ደግሞ በሕይወት ዘመን አንዴ ብቻ የሚል አንቀጽ ጠቅሶ አልከፍልም አለ። ሰርጀኑ የኢንዶስኮፒውን ፎቶ አያይዞ ሲጽፍላቸው በሁለተኛው ጥያቄ ተፈቀደ።

የተሠራሁት ፌብሩዋሪ 2024 ነው። ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጀ። ስነቃ ከሆዴ ይልቅ ትከሻዬን ነበር የሚያመኝ። ልቤ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ነርሷ ሆድ ለመንፋት የሚገባው ጋዝ እንደሆነ፣ መድኃኒቱም መራመድ እንደሆነ ነገረችኝ። ደም እንዳይረጋም መራመድ ግድ ነው። በዚያው ምሽት የግሉኮሱን ዘንግ እየገፋሁ ኮሪደሩን ሁለቴ ዞርኩ።

እማዬ እኔን ለማስታመም ከደብረ ብርሃን መጥታ ነበር። እሷ ሴት ልጅ ከሆስፒታል ስትመጣ የምታውቀው አራስ ነው። የአጃ ዱቄቷን ሻንጣዋ ውስጥ አድርጋ መጥታለች። አጥሚት በቅቤና በማር ልትሠራልኝ። የተሰጠኝን ወረቀት አነበብኩላት። ስኳር የለም፣ ማር የለም፣ ቅቤ የለም፣ ለሁለት ሳምንት የሚታኘክ ነገር የለም። ትንሽ ዝም አለችና «ታዲያ ምን ቀረው?» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ከኩሽና ድምፅ ሰማሁ። አጃውን በወተት አቅጥና አፍልታ፣ በንጹሕ የነጠላ ቁራጭ ሁለቴ አጥልላዋለች። ጣዕም የሌለውን የፕሮቲን ዱቄት የምትጨምረው አጥሚቱ ለብ ካለ በኋላ ነው። ትኩስ ላይ ሲጨመር ይጓጉላል። ይህን ማንም አልነገራትም፤ የመጀመሪያው ጓጉሎባት ደፍታው ነው ያወቀችው። በሲኒ አመጣችልኝ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የግድግዳውን ሰዓት እያየች፣ በየጥቂት ደቂቃው «አሁን ፉት በይ» ትለኛለች። ያንን አንድ ሲኒ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ሊሞላኝ ምንም አልቀረው። እንዲህ በትዕግሥት የመገበኝ ሰው የለም።

ማርች 11 ዐቢይ ጾም ገባ። እሷ ትጾማለች፣ ለኔ ወተት ታሞቃለች። እኔን ደግሞ ሕሊናዬ ይወቅሰኛል። የንስሐ አባቴ ጋ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን እንደሚያስፈልገኝ፣ በሁለት ማንኪያ ሽሮ ያን ያህል እንደማይገኝ። የታመመ እንዳይጾም ተፈቅዷል፣ ሐኪም ያዘዘሽን ውሰጂ አሉኝ። ስልኩን ስዘጋ ቀለለኝ።

በስድስተኛው ሳምንት ውሃ እንኳ አልወርድ አለኝ። ፉት ያልኩት ሁሉ ከምራቅ ጋር ይመለሳል። ቀን ቆጥሬ ሊሻለኝ ይችላል ብዬ ጠበቅሁ፤ ስህተት ነበር። ከረጢቷና አንጀቱ የተሰፉበት ቦታ ጠቧል። በኢንዶስኮፒ ትንሽ ባሉን አስገብተው አሰፉልኝ። ትውከት ሲበዛ ቫይታሚን ቢ1 ስለሚያልቅ እሱንም በደም ሥር ሰጡኝ። በዚያው ቀን ከሰዓት ውሃ ጠጣሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ደረቴን አልፎ ሲወርድ ተከተልኩት።

ቃሩ ከተሠራሁበት ቀን ጀምሮ አልተመለሰም። ትራሶቹን ግን ወዲያው አልደፈርኳቸውም። ከሁለት ወር በኋላ አንዱን አነሳሁ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን። አሁን 83 ኪሎ ነኝ። ፀጉሬ በአራተኛው ወር ረግፎ ነበር፣ ተመልሷል። ካልሲየሙን ከአይረኑ ጋር አልወስድም፣ ሰዓታቸውን አራርቃለሁ፤ ቢ12 አለ። ዕድሜ ልኬን ነው። እንደ አድቪል ያሉ አይቡፕሮፌን ያለባቸው መድኃኒቶች ቤቴ አይገቡም፤ ስፌቱ ላይ ቁስለት ያመጣሉ። ስበላ አልጠጣም። እንጀራ አሁንም በጣም ትንሽ ነው፤ ሊጥ ሆኖ ይቆምብኛል።

ያ ምስጢር የወጣው በዚያው ዓመት ፋሲካ ነው። የባለቤቴ ዘመዶች ቤት ተጠርተን ዶሮው ቀረበ። እኔ የእንቁላል ሩብ ቆርጬ ቀስ እያልኩ አኝካለሁ። አክስቱ ጉርሻ ጠቅልለው መጡ። «በሞቴ!» እጄን አፌ ላይ አደረግሁ። «በሞቴ አልኩሽ እኮ፣ ከስተሻል፣ አሞሻል እንዴ?» ፊታቸው ላይ ቅያሜ አየሁ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ እጃቸው እንደተዘረጋ ነው። ባለቤቴ ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት ቀደምኩት። «እትዬ፣ ጨጓራዬን እንደገና ተሠርቼ ነው። ሁለተኛዬ ነው። እጅዎን አልንቅም፤ አይወርድልኝም።»

ቤቱ ጸጥ አለ። እሳቸው ጉርሻውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። ከዳሩ ጥፍር የምታህል ቆርጠው፣ ወጡን አራግፈው፣ መልሰው ዘረጉልኝ። ጎረስኩ። ሌላውን ለባለቤቴ አጎረሱት።

ቡና ሲፈላ ኩሽና ውሃ ልቀዳ ገባሁ። እዚያ ቤት ከዚህ በፊት ብዙም ያላወራኋት አንዲት ሴት ተከትላኝ መጣችና በሩን ገፋ አደረገች።

«እኔም ስሊቭ ተሠርቻለሁ» አለች፣ በሹክሹክታ። «ሌሊት ሌሊት ግን...»

«ስንት ትራስ?» አልኳት።

«አራት።»

ወንበር ሳብኩላት።