«ሁላችሁም ውጡ!»

ዛሬ ልጄን ዋና ልምምድ ይዣት ሄድኩ። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሰፈራችን ያለው የሕዝብ መዝናኛ ማዕከል። ገና እግሯን እያንቦጫረቀች ሳለ ፊሽካ ተነፋ። «ሁላችሁም ውጡ!» አንዱ ሕፃን ገንዳው ውስጥ ካካ አምልጦት ነው። እናቱ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት። አይዞሽ አልኳት። የማንስ ልጅ ያላደረገው?

ላይፍጋርዱ (ዋናተኞችን የሚጠብቀው)፣ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ፣ በመረብ አወጣና ክሎሪኑን ለካ። ደረቅ ከሆነ ክሎሪኑን ቢያንስ 2 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ሁለት እጅ) አድርሶ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ተቅማጥ ቢሆን ግን ሌላ ጣጣ ነው። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ተቅማጥ አምጪ ተህዋስ ክሎሪን ባለው ውኃ ውስጥ ከ7 ቀን በላይ ይቆያል።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሽታው ነው። ያ ዓይን የሚያቃጥለው «የክሎሪን ሽታ» የንጽሕና ይመስለኝ ነበር። ለካ ክሎሪኑ ከሽንትና ከላብ ጋር ሲገናኝ ነው እንዲያ የሚሸተው! ስንት ዓመት «እንዴት ንጹህ ነው» እያልኩ በረጅሙ ስስብ ኖሬያለሁ፣ ጉድ እኮ ነው።

በሩ ላይ «ሳትታጠቡ አትግቡ» ይላል። ልጄ አነበበችውና ዞር ብላ አየችኝ።

«ማሚ፣ አንቺ ባለፈው ታጥበሽ ነበር?»