ኮከቧ አልጠፋ አለች

ዛሬ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ ዳታ ስናይ ነበር። ፓንዳስ (ሠንጠረዥ የምናይበት የፓይተን መሣሪያ) ደግሞ ጠባዩ ነው፤ ሠንጠረዡ ከ60 ረድፍ ካለፈ ከላይ 5 ከታች 5 ያሳይና መሃሉን በነጥብ ይዘለዋል። «መሃሉንስ?» አለችኝ። ዳታሴት (Datasette) የሚባለውን መሣሪያ እዚያው ጁፒተር ኖትቡክ ላይ፣ ኮድ ሴል በሚባሉ ሳጥኖች ተጽፎ በሚሠራበት ገጽ፣ አስነሳሁላት። የኤስኪውላይት ፋይልን (በአንድ ፋይል የተቀመጠ ዳታቤዝ) በብሮውዘር የሚገላለጥ ገጽ የሚያደርግ ነገር ነው፣ ፖርት 8001 ላይ (የማሽኑ የመግቢያ በር ቁጥር) ይከፈታል።

«ተንጠለጠለ እንዴ?» አለች ወዲያው። ከሴሉ ጎን ያለችውን ኮከብ አይታ ነው። እውነቷን ነው፣ ኮከብ ማለት አላለቀም ማለት ነው። ግን ዳታሴት ሰርቨር ነው፣ የሰርቨር ሥራ ጥያቄ መጠበቅ ስለሆነ መቼም አያልቅም፣ ኮዱን የሚያስኬደው ከርነል ደግሞ አንዱን ሳይጨርስ ሌላ ሴል አይነካም። ከጀርባ እንዲሄድ በፓይተኑ ፒኦፕን (Popen) ሳስነሳው ኮከቧ ጠፋች፣ ገጹም ተከፈተ።

«ታዲያ ሰው ሁሉ ያየዋል?» አድራሻው 127.0.0.1 ነው፣ ከዚሁ ማሽን አይወጣም አልኳት። (ኖትቡኩ ሩቅ ሰርቨር ላይ ከሆነ ግን ያ አድራሻ የሰርቨሩ ነው፣ የእናንተ ብሮውዘር ምንም አያገኝም። ኤስኤስኤች ታነል፣ ማለትም ከእናንተ ማሽን ወደ ሰርቨሩ የሚያደርስ የተመሰጠረ መስመር፣ ያስፈልጋል።)

ከዚያ በኋላ እኔን አልፈለገችኝም። ራሷ እያጣራች፣ እየደረደረች አንድ ስም በሁለት አጻጻፍ መግባቱን አገኘች። እኔ ያንን ዳታ ስንት ጊዜ በኮድ አይቼዋለሁ! ዳታውን የሚያውቀው ሰውና ኮዱን የሚጽፈው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም፣ እኛ ግን ቁልፉን ለኮድ ጸሐፊው ብቻ ሰጥተን እንቀመጣለን።

ስትጨርሱ ሰርቨሩን አጥፉት ታዲያ፣ አለዚያ በሚቀጥለው ፖርቱ ተይዟል ይላችኋል።