ድንች እኮ ነው ልጄ

ዛሬ ሐዋሳ ውስጥ እናቴን ከደም ግፊት ክትትሏ ስመልሳት የእህቴ ልጅ ራበኝ አለ። ከሐይቁ ብዙም ያልራቀ ምግብ ቤት ገባንና በተፈጨ ሥጋ፣ በሚያቃጥል የቃሪያ ስጎና በቺዝ የተሸፈነ ቺፕስ አዘዝኩለት። ሁለት ዓመት ሙሉ ወጧን ጨው ቀንሳ የምትበላው እናቴ እጇን ሰደደች።

«እማዬ፣ ተይ!»

«ድንች እኮ ነው ልጄ! ድንች ደግሞ ማንን ጎድቶ ያውቃል?»

ሰሃኑ ሲያልቅ ከሥሩ የተነጠፈው ወረቀት ቀረ። ዘይቱን ጠጥቶ እንደ መስታወት ጠርቷል። አንስቼ ወደ መስኮቱ ሳዞረው ከማዶ የቆመው ባጃጅ ታየኝ።

እርግጥ ድንች በራሱ አይከፋም፤ ፖታሲየም አለው። 100 ግራም ቅቅል ድንች 90 ያህል ካሎሪ ይሰጣል። ሲጠበስ ግን ውሃው ይወጣና ዘይት ይገባበታል፤ ያኔ 100 ግራሙ ወደ 300 ካሎሪ ይደርሳል። እኔን ይበልጥ ያስጨነቀኝ ጨው ነው። ቺፕሱ ላይ ይነሰነሳል፤ ሥጋው ውስጥ አለ፤ ስጎው ውስጥ አለ፤ ቺዙም ውስጥ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም፣ ያውም የቤቱ ወጥ ተቆጥሮ።

ልከፍል ስነሣ ጨው ሳይነሰነስበት፣ ስጎውም ለብቻው ሆኖ መምጣት ይችል እንደሆነ አስተናጋጇን ጠየቅኳት።

«ይቻላል፤ ጠይቆን የሚያውቅ ሰው የለም እንጂ» አለችኝ።

ስንት እናቶች ከልጅ ልጆቻቸው ሰሃን እንዲህ እየቆነጠሩ ይሆን? ሜኑው ላይ ዋጋው እንጂ ጨውና ቅባቱ አልተጻፈም።

ነገ ጠዋት ድንች እቀቅልላታለሁ፤ በሎሚና በቃሪያ።