የጋሼ ላፕቶፕ

ዛሬ ከጎረቤታችን ከጋሼ ጋር ፒያሳ ጥገና ቤት ሄደን ነበር። ላፕቶፓቸው በጣም ተንቀራፏል። ልጁ ገና ሳይከፍተው «ይሄ አልቆለታል፣ አዲስ ይግዙ» አለ። በዚህ ኑሮ! እርግጥ ላፕቶፑ ላይ ላለው ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2025 አብቅቷል። ማሽኑ ግን ደህና ነው።

ማታ በዊንዶውስ ምትክ ሊኑክስ ሚንት የሚባል ሲስተም ጫንኩላቸው። በነጻ ይወርዳል፤ ኮዱ ክፍት ስለሆነም የፈለገ ሰው ያየዋል፣ ያስተካክለዋል። ሳይጫን በፊት ከፍላሽ አስነስቶ መሞከር ይቻላል፤ ጋሼ ያመኑኝም ይህን ካዩ በኋላ ነው። ፕሪንተራቸው ግን እስካሁን አሻፈረኝ እንዳለ ነው።

ከዚያ ስልካቸውን ሰጡኝ። እንደ እጅ ባትሪ እንዲያበራላቸው የጫኑት አፕ ለካ የስልክ ቁጥሮቻቸውን፣ ያሉበትን ቦታና ማይክራፎኑን እንዲጠቀም ተፈቅዶለታል!

«መብራት ለማብራት የኔ ዘመዶች ምን ያደርጉለታል?» አሉ።

ስልኩ እኮ የራሱ የእጅ ባትሪ አለው። ሴቲንግ ገብተን ፈቃዱን አንድ በአንድ ነጠቅነው፤ ኋላም አፑን ጭራሽ አጠፋነው። እውነቱን ለመናገር ከላፕቶፑ ይልቅ የተደሰቱት በዚህ ነው። ነገ የእትዬን ስልክ ራሳቸው ሊፈትሹ ተነስተዋል። እትዬ ግን ገና አልተነገራቸውም 😄