የዳኘው እግሮች

ከጠዋት ጀምሮ ድብር ብሎኛል። ምክንያቱን አትጠይቁኝ፤ እኔም ፈልጌ አጣሁት። ብቻ የቆመች ሰዓቴን ኪሴ ከትቼ፣ ላሠራት ወደ ፒያሳ ወጣሁ። ጊዮርጊስ አካባቢ ስደርስ ካፊያው ወደ ዝናብ ተለወጠና አንድ ሱቅ በረንዳ ስር ተጠለልኩ። ዐይኔ ምኒልክ ሐውልት ላይ ቀረ።

ምኒልክ እንኳን አልልም፤ ፈረሱ ላይ ነው የቀረው። ውሃው በሆዱ ስር እየተንሸራተተ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሁለቱ የፊት እግሮቹ አየር ላይ ናቸው። ልጅ ሳለሁ አንድ ዘመዳችን "ሁለቱም እግር ከተነሳ ጋላቢው ጦር ሜዳ ላይ ወድቋል፤ አንዱ ብቻ ከተነሳ ቆስሎ ነው የሞተው" ብሎኝ ነበር። ይህን ስንት ጊዜ ለሰው አስተምሬበታለሁ! እምዬ ግን ከአድዋ ድል 18 ዓመት ቆይተው፣ በ1906 ዓ.ም. በሕመም ነው ያረፉት። ዘመዳችንን አሁን ማን ይጠይቅልኝ።

ያ ሁሉ ነሐስ በሁለት የኋላ እግር! በ1923 ዓ.ም. በኃይለ ሥላሴ ንግሥ በዓል ዋዜማ ተመረቀ፣ ጣሊያን ገብቶ አወረደው፣ ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። ያኔም አሁንም ንጉሡን የሚሸከመው እሱ ነው፤ ሐውልቱ ግን "የምኒልክ" ይባላል።

የድሮ ሰው እንደኛ አልነበረም መሰለኝ። "አባ ዳኘው" ሲል ፈረሱ ዳኘው፣ ንጉሠ ነገሥቱ የፈረሱ አባት ናቸው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ተፈሪ አባ ጠቅል። ልብ ብዬ ሳያቸው ሁሉም ትእዛዝ ናቸው፦ ዳኘው! ታጠቅ! በዝብዝ! ጠቅል! ሰው በፈረሱ ስም በተጠራ ቁጥር ሥራውን የሚያስታውሱት ይመስላል። ወይስ ትእዛዙ ለፈረሱ ነበር?

ማታ ይህንኑ ለእህቴ አወራሁላት። ሽንኩርቷን መክተፍ ሳታቆም ሰማችኝ። የእኔ ፈረስ ማን ይባል ነበር ብላት፣ ቀና እንኳን ሳትል፦

"አንተማ አባ ቆይ ነህ። ሰዓቷን አሠራሃት?"

ሰዓቷ ኪሴ ውስጥ ናት። የምመልስላት ነገር ነበረኝ፤ ግን ቆይ፣ ነገ እነግራታለሁ።