ተራራ ላይ የተጣደ ድስት

የተራራ ረሃብ ሲነሳ ዓይን የሚሄደው ወደ ተሸረሸረው ቁልቁለትና ወደ ተበጠሰው መንገድ ነው። የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ2012 በታዳጊ አገሮች ተራሮች ከሚኖሩት 39 በመቶው፣ 329 ሚሊዮን ሕዝብ ማለት ነው፣ ለምግብ እጦት የተጋለጠ እንደነበር አስልቷል። እኔን ሰሞኑን የያዘኝ ግን የድስቱ ነገር ነው። እህል ጎተራ ውስጥ እያለም ይራባል።

በባሕር ጠለል ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ 3,000 ሜትር ላይ በ90 ገደማ። እሳቱ ቢንቦገቦግ ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ግለቱ አይጨምርም። ጎመን ግድ የለውም። ጥራጥሬ ግን እጥፍ ጊዜ ሊፈጅ ይችላል፤ ጊዜ ማለት ደግሞ ማገዶ ነው። ዛፍ በሌለበት ከፍታ ኩበት ይነዳል፣ ማሳው ፍግ ያጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ከገበታ የሚቀረው ጥራጥሬው ነው፤ አብሮት ፕሮቲኑና ብረቱ። እህሉን በኪሎ ብቻ ለሚመዝን ሰው ምንም አልጎደለም!

ጥራጥሬውን ከ8 እስከ 12 ሰዓታት ያህል መዘፍዘፍ ብዙ ማገዶ ያድናል። ቤቱ ብርዳም ከሆነ ለብ ባለ ውሃ ይሁን፤ በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ አይርስም። ክክ ከድፍኑ ይፈጥናል። ቤኪንግ ሶዳ ጣል ማድረግም ያለሰልሳል፣ ግን ቫይታሚን ቢ1ን ያጠፋል። ግማሽ የበሰለ ቀይ ቦሎቄ ደግሞ ክፉኛ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል።

እንፋሎቱን አፍኖ የሚያበስለው ፕሬዠር ድስት በዚያ ከፍታም ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሳል። ለጥራጥሬ ከግማሽ በላይ አይሞላም፤ አረፋው ማስተንፈሻውን ይደፍነዋል። የሚያስቸግረው የክዳኑ ጎማ ነው። ሲደርቅ እንፋሎት ያሾልካል፣ ያኔ ውድ ክዳን ያለው ተራ ድስት ሆኖ ይቀራል፤ መለዋወጫው የሚገኘው ደግሞ ከተራራው ግርጌ ነው። ድስት የሚያድል ሁሉ ሁለት ትርፍ ጎማ አብሮ ካልሰጠ ሥራውን በግማሽ እንደተወው እቆጥረዋለሁ።

ሙቀትና እርጥበት ባለበት መጋዘን ከርሞ የመጣ ባቄላ ግን በፕሬዠር ድስትም እሺ ላይል ይችላል፤ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ልቡ ድንጋይ እንደሆነ ይቀራል። ጆንያው ለየቤቱ ከመከፋፈሉ በፊት አንድ እፍኝ ዘፍዝፎ አሳድሮ መቀቀል ነው። በሁለት ጣት ሲጫኑት ካልፈረጠ ቆልቶ ማስፈጨት ይሻላል።