የፋሲካው እንቁላልና የእኔ ፊዚክስ

ለፋሲካ ለእናቴ ማይክሮዌቭ ገዝቼላት ነበር፤ ከዕቃው ጋር የመጣው የእኔ ማብራሪያ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ሳያሰለቻት አልቀረም። በማግሥቱ የቀዘቀዘ ቡናዋን አፉ ዙሪያውን ወርቃማ መስመር ባለው ሲኒ ልታሞቅ ስትል እጇን ያዝኩና፣ ያ ቀጭን መስመር ብረት ነክ ስለሆነ ማሽኑ ውስጥ ብልጭታ ሊፈጥር እንደሚችል በሰፊው አስረዳኋት። ቡናው ጀበና ውስጥ ተመልሶ ከሰል ላይ ሞቀ።

ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ሊጠይቁን የመጡት አጎቴ «ታዲያ እሳቱ የት አለ?» ብለው ሲጠይቁኝ ደግሞ ጭራሽ አስተማሪ ሆንኩ። ማግኔትሮን ከሚባለው ክፍል የሚወጣው ሞገድ በሴኮንድ 2.45 ቢሊዮን ጊዜ እንደሚርገበገብ፣ ምግቡ ውስጥ ያሉት የውሃ ሞለኪውሎች ያንን ለመከተል ሲገላበጡ እርስ በርስ እንደሚጋፉና ሙቀቱም ከዚያ ግፊያ እንደሚገኝ ነገርኳቸው።

«የመርካቶ ግፊያ በለኛ!» አሉ አጎቴ፤ ከእኔ ማብራሪያ ይሻላል።

የዶሮ ወጡን በሸክላ ሰሃን አድርጌ፣ እንፋሎት መውጫ ትቼ ከደንኩት። ሞገዱ ወጡ ውስጥ የሚዘልቀው ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ስለሆነ ዳሩ ፈልቶ መሐሉ እንዳይቀዘቅዝ በመካከሉ አውጥቼ አማሰልኩት፤ ሲያበቃም ሙቀቱ እንዲዳረስ አንድ ደቂቃ አስቀመጥኩት። የረሳሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንቁላሉ ድፍን ነው።

እንጀራው ላይ ካወጣሁት በኋላ ለአጎቴ ልከፍልላቸው በቢላ ጫን ከማለቴ «ጧ!» አለ። አስኳሉ ውስጥ የታመቀው ውሃ ከመፍያው ነጥብ በላይ ግሎ መውጫ ሲጠብቅ ኖሮ፣ ቢላው ሲነካው በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆነ። ደግነቱ ማንም አልተቃጠለም። አስኳሉ ቅንድቤ ላይ፣ ቁሌቱ በአጎቴ ጋቢ ላይ፣ አንዲት ቀይ ጠብታም ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የምረቃ ፎቶግራፌ ግንባር ላይ አረፈች።

«ጫር ጫር አድርገህ ጨምር ብዬህ አልነበረም?» አለች እናቴ። እውነት ነው፤ እንቁላሎቹን የላጥኩት እኔ ስሆን፣ በስንፍና ሳልጭራቸው ነበር ወጡ ውስጥ የጨመርኳቸው። በእርግጥ ላይ ላዩን መጫር አስኳሉ ድረስ ስለማይደርስ በቂ አይደለም፣ ከመሞቁ በፊት መቆራረጥ ነበረበት፤ ነገር ግን ቅንድብ ላይ አስኳል ይዞ ይህን መከራከር የሚቻል አልመሰለኝም።

በ1945 እ.ኤ.አ. በኋላ የማይክሮዌቭ ምድጃን የፈለሰፈው አሜሪካዊ መሐንዲስ ፐርሲ ስፔንሰር፣ ማግኔትሮን ያለው የራዳር መሣሪያ አጠገብ ቆሞ ኪሱ ውስጥ ያለው ጣፋጭ ከቀለጠበት በኋላ እንቁላል ሞክሮ፣ እንቁላሉ ባልደረባው ፊት ላይ ፈነዳ ተብሎ ይተረካል። ይህንን ለማጽናኛ ያህል ለአጎቴ ብነግራቸው ጋቢያቸውን እያራገፉ፣ «እና አንተ ይህን እያወቅህ ነው?» አሉኝ።

አሁን ማይክሮዌቩ ነጭ ዳንቴል ለብሷል። ወርቃማ መስመር ያላቸው ስድስቱ ሲኒዎች ላዩ ላይ ተደርድረዋል።